የአእምሮ ሕመምና ሕክምናው፦ ከጎጃም ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታማሚ ይዘው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚመጡ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የአእምሮ ሕመም ሁሉ እብደት ነው?

አይደለም። በተለምዶ እብድ የሚባለው ጨርቁን ጥሎ ገበያ መሃል የሚጮኸው ሰው ነው፤ እሱ ግን ከብዙ ዓይነት ታማሚዎች አንዱ፣ ያውም ለዓመታት ሳይታከም የቀረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው ስሌት በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። የሚበዙት ድብርት ወይም የጭንቀት ሕመም የያዛቸው ናቸው፤ እያረሱ፣ እየነገዱ፣ ልጅ እያሳደጉ ይታመማሉ።

በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች በብዛት የሚታዩት ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማውና «ሊገድሉኝ ነው» የሚያሰኘው ሳይኮሲስ፣ ስሜት ከልክ በላይ ሽቅብ ወጥቶ መልሶ የሚዘቅጥበት ባይፖላር፣ እንዲሁም የመጠጥና የጫት ሱስ ናቸው። ሳይኮሲስ ለወራት ሲሰነብት ስኪዞፍሬኒያ ሊባል ይችላል። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ቢሆንም በአገራችን ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍል ይታከማል። ሕመሞቹን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው፤ ለድብርት የሚሰጥ ክኒን ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ቢሰጥ ጭራሽ ሊያስነሳበት ይችላል።

ሐዘን ነው ወይስ ድብርት?

ያዘነ ሰው ለቅሶ ሲደርሱት ያለቅሳል፣ ጨዋታ ሲነሳ ይጫወታል፣ የልጁ ሳቅ ያስቀዋል። ድብርት የያዘው ሰው ግን ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ አያስደስተውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነቃና እንደተገላበጠ ይነጋበታል። እህል አይወርድለትም። ለማኅበርና ለዕድር መውጣት ያቅተዋል፤ «ለማንም አልረባም» ይላል፤ ሞቱን ይመኛል። ሐዘን ላይ ያለ ሰውንም ድብርት ሊይዘው ስለሚችል «ተዝካሩ እስኪወጣ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ከፋኝ ብሎ ሳይሆን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ይወርረኛል» ብሎ ነው። ለጨጓራና ለታይፎይድ ደጋግሞ ታክሞ ለውጥ ያላየ ሰው ስለ እንቅልፉና ስለ ስሜቱ ሊጠየቅ ይገባል። ሐኪሙ ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩት።

ቤታችን ታማሚ አለ፤ ከየት እንጀምር?

ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሠለጠኑ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ባሉበት ለድብርት፣ ለሳይኮሲስና ለሚጥል በሽታ እዚያው መድኃኒት ይጀመራል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች መካከል የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ይገኛሉ። በሬ ሸጦ በቀጥታ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት በአብዛኛው እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ክትትሉ ግን ለዓመታት ስለሚቀጥል ከቤት ሲርቅ ይቋረጣል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካለዎት ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል አይሂዱ፤ ደረጃውን ዘልለው ቢሄዱ መድኑ ላይሸፍን ይችላል። ታማሚውን ይዞ የሚሄደው አብሮት የሚያድር ሰው ይሁን። የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የድሮ ካርዱንም ይያዙ። በአንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ይህን ጽፈው ይሂዱ፦ መቼ ጀመረው፣ መጀመሪያ የታየበት ምን ነበር፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ይጠጣል፣ ጭንቅላቱን ተመቶ ወይም አንቀጥቅጦት ያውቃል ወይ፣ ከዘመድ የታመመ አለ ወይ። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ያ ወረቀት ብዙ ያግዛል።

ራጅም ደምም ሳያዩ ሕመሙን እንዴት ያውቃሉ?

ድብርትን ወይም ስኪዞፍሬኒያን የሚያሳይ ራጅም የደም ምርመራም የለም። ሐኪሙ የሚለየው ታማሚውንና ቤተሰቡን ጠይቆ፣ አነጋገሩን፣ አስተሳሰቡንና ሁኔታውን አይቶ ነው። ደም የሚታየው ሌላ ሕመም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

ሌላ ሕመም ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ይኖራል። ሁመራ ወይም መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ፣ ወይም ዓባይ በረሃ የከረመ ሰው ትኩሳት ኖሮት መቀባዠር ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ ነው። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ያደርጋል። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ድንገት የጀመረ መቀባዠር፣ በተለይ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ካለበት፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። በሽማግሌ ላይ ድንገት ሲመጣም ብዙ ጊዜ መነሻው የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ነው።

«አብሾ ጠጥቶ ነው ያበደው» ይሉናል፤ እውነት ነው?

በቅኔ ቤት አገር ይህ ጥያቄ አይቀርም። አብሾ ትምህርት እንዲገባ ተብሎ አስተናግር ከሚባለው ተክል የሚዘጋጅ ነው ይባላል፤ አስተናግር ደግሞ መርዝ ነው። በአስተናግር የተመረዘ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ሽንት ይከለክለዋል፤ ይቀባዥራል፣ አየር ላይ የሌለ ነገር ለመልቀም እጁን ይዘረጋል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ሊገድል ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ የጠጣውም ሳይደበቅ ይነገር፤ ለማረጋጋት ከሚሰጡት መርፌዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ክሎርፕሮማዚን፣ መርዙን ያባብሳሉ።

ልጁ ግን ቀስ በቀስ ከሰው የራቀ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ጓደኞቹን የሚጠረጥር ሆኖ ሳምንታትና ወራት ካለፉት ያ አስተናግር አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ በወንዶች ላይ በብዛት የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ነው፤ ተማሪው ከቤቱ ርቆ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማርበት ዕድሜ ማለት ነው። አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ጥፋቱ ወደ አብሾው ይሄዳል። የሚያሳዝነው ደግሞ «አብሾው እስኪለቀው» ተብሎ የሚጠበቀው ጊዜ ነው፤ ሳይኮሲስ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ለመዳን ይከብዳል።

ጠበል ላይ ነን፤ መድኃኒት አብሮ መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር እንዲወሰድ በይፋ መክረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የተለየ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ግሽ ዓባይም ይሁን ሌላ ቦታ ሲሄዱ የአንድ ወር መድኃኒት ይያዙ፤ ለንስሐ አባትዎና ለአጥማቂው አስቀድመው ይንገሩ።

ጉዳት የሚመጣው ከአወሳሰዱ ነው። ጠበል ጠጥቶ ማስታወክ ካለ ጠዋት የተዋጠው ክኒን አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ክኒኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይሁን። ብዙዎቹ ክኒኖች በቀን አንዴ ማታ እንዲወሰዱ ሊስተካከሉ ስለሚችሉ ጾም ሲገባ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ሐኪሙን ሰዓት ያስቀይሩት። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ያለ ውኃ መዋል፣ ደጋግሞ ማስታወክም የለበትም፤ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዘዋል። ባይፖላር ያለበት ሰው ሌሊቱን በስግደት ካደረ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል፤ ለእሱ ጸሎቱ በቀን ይሁንለት።

መድኃኒቱ በስንት ቀን ይሠራል?

ለሳይኮሲስ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን በጥቂት ቀን ያስተኛሉ፣ ያረጋጋሉ፤ ድምፁና ጥርጣሬው እስኪቀንስ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጡት ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋሉ።

ችግሩ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከጥቅሙ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ፍሉኦክሴቲን ብዙ ጊዜ ጠዋት 20 ሚሊግራም ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያቅለሸልሻል፣ እረፍት ይነሳል። አሚትሪፕቲሊን ማታ ከ25 ሚሊግራም ይጀመርና ቀስ እያለ ይጨምራል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ድንገት ሲነሱ ያዞራል። ሰው በ5ኛው ቀን «ጭራሽ አባሰኝ» ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሞ የነገሩት ታማሚ ይታገሳል።

ክኒኑን እንደጀመረ አንገቱ ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። ምን ነካው?

መድኃኒቱ ጡንቻውን አስሮት ነው። በተለይ በሃሎፔሪዶል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይወጣል፤ ያየ ሁሉ ጋኔን ተነሣ ይላል። ጤና ጣቢያ ቢወሰድ በመርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል፤ ከዚያ ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ክኒን ይታዘዝለታል ወይም መድኃኒቱ ይቀነሳል፣ ይቀየራል። እጅ መንቀጥቀጥና አንድ ቦታ አለመቀመጥም ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔ አለው። ነገር ግን ከፍተኛ ትኩሳት፣ የመላ ሰውነት መገተርና ራስን አለማወቅ አንድ ላይ ከመጡ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ሆስፒታል ይድረሱ፤ ይህ ይገድላል።

ተሽሎታል፤ መቼ ያቁም? ሱስ አይሆንበትም?

አብዛኛው ሕክምና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ይድናል፣ ያርሳል፣ ይስቃል፤ ቤተሰቡ «ዳነ እኮ» ብሎ ክኒኑን ያስተወዋል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሽበታል፤ ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ሠርቶ ነበር፣ ተቋረጠ እንጂ። ከድብርት የዳነ ሰው ሙሉ በሙሉ ከተሻለው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ የያዘው ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ይወስዳል፤ ደጋግሞ ያገረሸበት ግን ለብዙ ዓመታት። ማቆሙም በሐኪም፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። በየቀኑ መዋጥ ላስቸገረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ የፍሉፌናዚን መርፌ አለ፤ የቀጠሮው ቀን በየወሩ ከሚያውቁት በዓል ጋር ቢያያዝ፣ ለምሳሌ «ከሚካኤል ማግስት» ቢባል፣ አይረሳም።

ሱስ የሚያሲዙት እነዚህ አይደሉም። ሱስ የሚያሲዘው ዳያዜፓም ነው፤ ስለዚህ ለሳምንታት ብቻ፣ በልዩ የማዘዣ ወረቀት ይሰጣል። ከጎረቤት ተበድሮ ለእንቅልፍ መዋጥ አይገባም።

ያለ መድኃኒት በምክር ብቻ መዳን ይቻላል?

ቀለል ላለ ድብርትና ጭንቀት አዎ። የንግግር ሕክምና «አይዞህ፣ እርሳው» ማለት አይደለም። ከባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እየተገናኙ ችግሩን በትንንሹ ከፋፍሎ መፍታት፣ የተተወውን ሥራ ጥቂት በጥቂት መመለስ፣ የተሸሸውን ቦታ ቀስ ብሎ መልመድ ነው። ተኩስና ግድያ አይቶ በቅዠት ለሚነቃ፣ ድምፅ ሲሰማ ለሚበረግግ ሰውም ዋናው ሕክምና ይኸው ነው፤ የሆነውን እንዲያወራ ግን አያስገድዱት። ለስኪዞፍሬኒያና ለባይፖላር ምክር ይረዳል፤ ብቻውን አይበቃም።

አረቄ በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ይተው?

በየቀኑ ጠዋት ጭምር የሚጠጣ፣ ሳይጠጣ ሲቀር እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በቤት ውስጥ ድንገት ማቆም የለበትም። ካቆመ በ6 እስከ 24 ሰዓት ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር እያየ፣ እያተኮሰው ሊቃዥና ሊሞት ይችላል። ለዚህ ሆስፒታል ውስጥ ዳያዜፓም እየተቀነሰ፣ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም አብሮ ይሰጣል። ሱባኤ ከገባ በኋላ ሲያንቀጠቅጠው መሐላውን ስላፈረሰ አይደለም፤ ሰውነቱ መጠጡን ለምዶት ነው።

የሚጥል በሽታ ሲጥለው ክብሪት እናሽትተው?

አይጠቅምም፤ ያቃጥለዋል። በጎኑ አስተኙት፣ ከምድጃና ከድንጋይ አርቁት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም እጅም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ክኒኑን ለአንድ ሳምንት ቢያቋርጥ እንኳ አላቋርጥ የሚል ማንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል።

ለሴት የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ፣ ብዙም አይነገርም። ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ አትጀምረው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል በክንድ የሚቀበረውንና በአፍ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ያደክማሉ፤ የ3 ወሩ መርፌና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን ይሠራሉ። ክንዷ ላይ ተቀብሮላት ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትንገር።

አራስ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ካወራች ያንኑ ቀን ሆስፒታል ትወሰድ። እስክትድን ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትሁን። በጊዜ ከታከመች በደንብ ትድናለች።

አልታከምም ብሎ እምቢ አለ፤ እንሰረው?

በእግር ብረት የታሰረ ሰው ይቆስላል፣ ደሙ እግሩ ላይ ይረጋል፣ ሐኪም ያሳሰረው እየመሰለው ሕክምናን ይጠላል። «የምትሰማው ውሸት ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ራሱን የሚያስቸግረውን ይያዙ፦ «እንቅልፍ እንዳጣህ አያለሁ፣ ለእሱ መድኃኒት እንፈልግልህ» ቢሉት ይሰማል። የሚያምነው አጎት ወይም የንስሐ አባት ያነጋግረው። ክኒን ወጥ ውስጥ ደብቆ ማብላት አይበጅም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ የነቃ ቀን ከእጅዎ እህል አይበላም።

ሰው ሊጎዳ ከሆነ መሣሪያና መጥረቢያ ከቤት ይውጣ፤ ብዙ ሆነው፣ ሳይደበድቡ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። እዚያ በመርፌ ይረጋጋል።

«ሞቴን እመኛለሁ» ይላል። ብንጠይቀው አናስታውሰውም?

መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም ያቀልለታል። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል? እንዴትና መቼ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። የቆረጠ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። የአረም ማጥፊያው፣ የነቀዝ ክኒኑና ጠመንጃው ዘመድ ቤት ይቀመጡ። የአሚትሪፕቲሊን ብዛት ልብ ስለሚያቆም መድኃኒቱን ቤተሰብ ይዞ በየቀኑ ይስጠው። መርዝ ከዋጠ አያስታውኩት፣ ወተትም አያጠጡት፤ ዕቃውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒቱም ጠፋ። ምን እናድርግ?

ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ የ2 ወይም የ3 ወር እንዲያዝልዎ ይጠይቁ፤ ቤትዎ ሁልጊዜ የ2 ሳምንት ትርፍ ይኑር። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራም በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ሌላ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ያ ወረቀት ካርድዎን ይተካል። የታዘዘው ካልተገኘ ከዚያው ወገን የሆነ ሌላ ሊተካ ስለሚችል ነርሱን ይጠይቁ እንጂ ባዶ እጅዎን አይመለሱ። የቀረውን ለማብቃቃት መጠኑን በራስ መቁረጥ ለሚጥል በሽታ አደገኛ ነው፤ ለሌሎቹም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት በስልክ ይማከር።

ልንድረው ነው፤ ለልጅቷ ቤተሰብ እንናገር?

ትዳር ስኪዞፍሬኒያን አያድንም፤ ድግሱ፣ መጠጡና እንቅልፍ ማጣቱ እንዲያውም ሊያስነሳበት ይችላል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ፣ ሥራውን እየሠራ ለረጅም ጊዜ ደኅና የሆነ ሰው ግን አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል። በዘር መውረዱን በተመለከተ፣ በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድሉ በማንኛውም ሰው ላይ ከ100 አንድ ገደማ ሲሆን ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ልጅ ላይ ከ100 ወደ 10 ይደርሳል። ከ10ሩ ልጆች 9ኙ አይያዙም ማለት ነው።

ከልጅቷ መደበቅ ግን በሽተኛውን ራሱን ይጎዳዋል። ክኒኑን ደብቆ ለመዋጥ ሲል ይተወዋል፤ የተደበቀባት ሚስት ደግሞ ማታ መተኛት ሲያቅተውና መጠራጠር ሲጀምር ሕመሙ የመመለሱ ምልክት መሆኑን አታውቅም። ከሽምግልናው በፊት እሱ ራሱ ፈቅዶ ይንገራት፤ ከተስማሙ አንድ ቀጠሮ ላይ አብራው ሄዳ ሐኪሙን ትጠይቅ።